ልጄ ዘፋኝ ልሁን ብትለኝስ?

«አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ ከዘፋኙም ከተዋናዩም ጋር የምትውይው አንቺ ነሽ። እባክሽ ይቺን ልጅ መክረሽ ሐሳቧን አስለውጪልኝ።»

ይህን ያለችኝ ታላቅ እኅቴ ናት። የደወለችው ከግራና ነው። ግራና ለማያውቋት አንባብያን በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ፣ እኔና እትዬ ተወልደን ያደግንባት ትንሽ ከተማ ናት። «ይቺ ልጅ» የተባለችው ደግሞ የእትዬ የመጀመሪያ ልጅ ስትሆን ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ2016 ዓ.ም. ጨርሳለች። ሐሳቧ ወደ አዲስ አበባ መጥታ በቴሌቪዥን የድምፃውያን ውድድር ላይ መመዝገብ፣ ቀጥሎም የራሷን አልበም ማውጣት ነው። አልበሙም የሠርግ ዘፈን አይደለም፤ ሮክ ነው።

እኅቴ «ሮክ» የሚለውን ቃል ስትጠራው ስለ አንድ አዲስ የመጣ በሽታ የምታወራ ትመስል ነበር።

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የማነሣው የሌላ ሰው ቤት ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ውድ አንባብያን ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ የራሴን ቤት ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩን ለሥራ ባልደረቦቼ ባዋያቸው፣ ከመካከላቸው ሁለት እናቶች «የእኔዋም እንዲሁ ናት» ብለውኛል። አንደኛዋ እንዲያውም ልጇ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ ስትለማመድ ውኃው ሲፈስስ እንደሚውል፣ የወሩን የውኃ ሒሳብ እንዳየች ደንግጣ እንደነበር አጫውታናለች።

እኔም ብሆን በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ ዓመታት «ኢትዮጵያን አይዶል» በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። በቤታችን ቴሌቪዥን ስላልነበረ የምናየው ከጎረቤት ቤት ነው። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ መምህር ፈለቀ ኃይሉ አንዱን ተወዳዳሪ እስከ መጨረሻው ሰምቶ «አልተመቸኝም» ሲል ቤቱ በሣቅ ይሞላል። ያ ቃል ወዲያው አገር አዳረሰ። ጨው የበዛበት ወጥ «አልተመቸኝም»፣ የጠበበ ጫማ «አልተመቸኝም»፣ ሊጠይቃት የመጣ ወጣት «አልተመቸኝም» ይባል ጀመር። እኔ ግን ከሌሎቹ ጋር እየሣቅሁ፣ በደብተሬ መካከል የመመዝገቢያ ደብዳቤ ጽፌ ደብቄ ነበር። ደብዳቤው አልተላከም። ድምፄ ለመዝፈን እንደማይበቃ ዳኛ ሳያስፈልገኝ ዐውቀዋለሁ፤ ኋላም በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ የሌሎችን ድምፅ መጻፍ ያዝሁ። ሆኖም አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያንን ፕሮግራም ስታይ በልቧ የሚሆነውን ነገር አልረሳሁትም።

የፕሮግራሙ ዓይነት ከውጭ የመጣ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2001 «ፖፕ አይዶል» በሚል ስም ተጀምሮ በዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከዚያም ዓለምን ዞረ። በእኛም አገር ከኢትዮጵያን አይዶል በኋላ ባላገሩ አይዶል፣ ፋና ላምሮትና ሌሎችም ተከትለዋል። ስሙ ቢለያይም አሠራሩ አንድ ነው፤ ብዙ ወጣቶች ይሰለፋሉ፣ ዳኞች ይሰማሉ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው እያለቀሰ ይሰናበታል፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ይሸለማል።

ሮኩስ ከየት መጣ? ይህን ለማስረዳት ወደ ኋላ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የሚባል አልበም ወጣ። ያወጣው ጃኖ ባንድ ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ በታክሲ ውስጥ ነበር። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ከአጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ መኪናው ነው ወይስ ሙዚቃው ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ብለውኛል። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ይጮኻል፤ ድራሙ ይመታል። ግን በዚያ ሁሉ መካከል የሚሰማው ዜማ የእኛው ነበር፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው። ከፊት ቆመው ከሚዘፍኑት አራት ድምፃውያን ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ሐሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ። ከወንዶቹ ከዲበኩሉ ታፈሰና ከኃይሉ አመርጋ ጋር እኩል ቆመው ይዘፍናሉ እንጂ ከኋላ ሆነው ተቀባይ ብቻ አልነበሩም። በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

የባንዱን ወጣቶች ያሰባሰበው አዲስ ገሠሠ፣ ቀደም ሲል የቦብ ማርሊ ልጅ የዚጊ ማርሊ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው ነው። አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገው ቢል ላዝዌል የተባለው አሜሪካዊ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ሲሆን፣ ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋር በሠራቸው ሥራዎች በእኛ ዘንድ የሚታወቅ ነው። የባንዱ ስም ባለ ቀይ ጥለቱን የክብር ልብስ፣ የአልበሙ ስም ደግሞ በአፋር የሚነድደውን እሳተ ገሞራ ያስታውሳል። ይህን ሁሉ የማነሣው ለማስታወቂያ አይደለም። አንድ የመጀመሪያ አልበም ከበስተጀርባው ስንት ሰው፣ ስንት ልምድና ስንት ጊዜ እንዳለው እንዲታይ ነው። የባንዱ ሁለተኛ አልበም «ለራስህ ነው» የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት አለ። በስድስት ዓመት አንድ ሕፃን ተወልዶ ትምህርት ቤት ይገባል።

የእኅቴ ልጅ አልበሙ ሲወጣ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ኋላ ላይ ከአንድ የክፍል ጓደኛዋ ስልክ አግኝታ ሰማችው፤ ከዚያ በኋላ ከራሷ ስልክ አልጠፋም።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን ወደ ግራና ሄድሁ። መርሳ ከአውቶቡስ ወርጄ ማንጎና ብርቱካን ከሚሸጡት ሴቶች ለቤት የሚሆን ገዛሁና ባጃጅ ያዝሁ። ማሽላው ሰው አክሎ ቆሟል። እናቴ ከደጅ ወጥታ ጠበቀችኝ። ጉንጮቼን እያገላበጠች ስማኝ ስታበቃ «ከስተሻል» አለችኝ። አልከሳሁም። እናቴ ግን በመጣሁ ቁጥር ይህን ሳትል ቀርታ አታውቅም።

እትዬ ግን ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠችም። ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ እንደወጣች ጉዳዩን ጀመረች።

«ፈተናውን ወደቀች። እሺ፣ እሷ ብቻ አይደለችም የወደቀችው።» ይህንስ እውነቷን ነው። በ2016 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። «ደግማ ትፈተን ብዬ የግል ትምህርት ልከፍልላት ተነሣሁ። እሷ ግን ከጎረቤት ልጅ የተዋሰችውን ጊታር ታቅፋ ትውላለች። ጊታሩም አንድ ክር የለውም። ሰዉ ምን ይላል? የእገሊት ልጅ አዝማሪ ልትሆን ነው አይልም? ደግሞስ አዲስ አበባ ማን ያውቃታል? ሌሊት በየምሽት ክበቡ ስትዞር...» እዚህ ላይ ድምጿ ተቋረጠ።

የእኅቴን ጭንቀት አቃልዬ የማየው አይደለም። ብዙዎቻችን ስለ ዘፋኝ ሴት የምናስበውን እሷ በግልጽ ተናገረችው እንጂ። የሴት ዘፋኝ ስም በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሁለት ገጽ ነበረው። በሠርጋችን፣ በክርስትናችን፣ በዓመት በዓላችን ትምጣልን እንላለን፤ ልጃችን እሷን ልሁን ስትል ግን እንደነግጣለን። ሬዲዮኑን ከፍ አድርገን በሩን እንዘጋለን።

የከረመውን የቤታችንን ታሪክ ያነሣችው እናቴ ናት። ቡናውን እየቆላች፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሣ ተናገረች።

«እኔም እኮ ተወዳድሬአለሁ።»

እኅቴም እኔም ቀና ብለን አየናት።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ይቋቋም እንደነበር በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አንባብያን ታስታውሳላችሁ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢጀምርም ለእኛ ሰፈር ሰው ገና ወሬ ብቻ ነበር። የድምፅ ውድድር ግን ያለ ቴሌቪዥንም ነበር። ከቀበሌ የተመረጠ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃም ወደ ክፍለ ሀገር ይሄዳል። ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነበር። ማሪቱ ለገሠን የመሰለች የአምባሰል ድምፅ የታወቀችው በዚያ ቡድን ውስጥ ነው። እናቴ በአሥራ አምስት ዓመቷ በቀበሌው ኪነት ውስጥ ነበረች። ከዚያም ለየጁ አውራጃ ውድድር ወልድያ ሄደች። በጭነት መኪና ላይ ቆመው እየዘፈኑ እንደሄዱ፣ መንገዱ አቧራ ስለነበር ሲደርሱ የሁሉም ፀጉር እንደ አሮጊት ሸብቶ እንደነበር እየሣቀች ነገረችን። አምባሰል ዘፈነች፤ ተመረጠች። ወደ ደሴ እንድትሄድ ተነገራት።

«ከዚያስ?» አለች እኅቴ።

«ከዚያማ አባቴ 'ልጄ አዝማሪ አትሆንም' አለ። በዚያው ዓመት ለአባታችሁ ሰጠኝ።»

ይህን ስትናገር ድምጿ ላይ ምሬት አልነበረም። ቡናውን አነሣችና ጢሱን በእጇ ወደ እያንዳንዳችን እየገፋች አዞረችልን። እኔ ግን ብዙ ነገር ገባኝ። እናቴ እንጀራ ስትጋግር፣ እህል ስታበጥር፣ ልጅ ስታስተኛ ዘወትር የምታንጎራጉረው ነገር ነበር። ቃል የለውም፤ ዜማ ብቻ ነው። በልጅነቴ የእናቶች ሁሉ ልማድ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ደሴ ሳይደርስ የቀረ ዘፈን ኖሯል።

ከአባታችን ጋር በደኅና ኖረች፤ አራት ልጆች አሳደገች። አያቴንም አልወቅሰውም፤ በዘመኑ የሚያውቀውን አደረገ። ቢሆንም እኅቴ ከዚያች ቀን በኋላ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል በእናቴ ፊት ስትደግመው አልሰማሁም።

ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በኩራዝ ተቀምጠን ልጅቱን ዝፈኝ አልናት። መጀመሪያ አፈረች። አያቷ «አብሽሪ፣ ሰው የለም፤ እኛው ነን» ስትላት ያቺን አንድ ክር የጎደላትን ጊታር አነሣች። የዘፈነችው የራሷን ነው። ግጥሙ ስለ ፈተና ነው፤ የፈተናውን ውጤት ለማየት ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ስለወጡ ልጆች ይናገራል። ድምጿ ጎርነን ያለ፣ ከዕድሜዋ የሚበልጥ ነው። ጊታሩን በኃይል ትመታዋለች። ሲያልቅ እኅቴ ዝም አለች። እናቴ ግን ፊቷን አጨማድዳ ቆየችና፣

«ይሄ እኮ ባቲ ነው!» አለች።

«እማማ፣ ሮክ ነው» አለች ልጅቱ።

«ምኑ ነው ሮክ? ባቲ ነው። ጩኸቱን ተዪውና ዜማውን አንጎራጉሪልኝ እስኪ።»

አንጎራጎረችው። እናቴ ሁለተኛውን ስንኝ ተቀበለቻት።

አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ይህን ነገር አንድ የሙዚቃ መምህር ጠየቅኋቸው። እናቴ አልተሳሳተችም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ናቸው። ሮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ሲወለድ ብሉዝ ከሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ብዙ ወርሷል። የሮክ ጊታር ተጫዋች ጣቱ ሳያስበው የሚሄድባቸው አምስት ድምፆች አሉ፤ እነዚያ አምስት ድምፆች ባቲ ማይነር ከሚባለው የእኛ ቅኝት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ የሐብሩ ልጅ ጊታር አንሥታ የልቧን ስትጫወት ከኮምቦልቻ ማዶ ያለችው ባቲ ብትወጣ የሚደንቅ አይደለም። አምባሰልማ ጎረቤታችን ነው። ወሎ ውስጥ ቅኝት የአገር ስም ነው።

እንግዲህ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አካባቢ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ እኔና እኅቴ ቁም ነገሩን ይዘን ተቀመጥን። እኔ ያልኋት ይህን ነው፦ ውድድሩ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ የሚያስፈራኝ ከውድድሩ በኋላ ያለው ነው።

በውድድሩ ላይ ልጅቱ ሦስት ደቂቃ የሰው ዘፈን ትዘፍናለች። መብራቱ፣ ልብሱ፣ ባንዱ፣ ካሜራው ሁሉ የሌላ ሰው ወጪ ነው። አልበም ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር ልማድ ግጥም ደራሲው ይከፈለዋል፣ ዜማ ደራሲው ይከፈለዋል፣ አቀናባሪው ይከፈለዋል፣ ስቱዲዮው በሰዓት ይቆጠራል። ድሮ ካሴት፣ ኋላም ሲዲ ተሸጦ ገንዘቡ ይመለስ ነበር። ዛሬ ሰው በስልኩ ነው የሚሰማው፤ አብዛኛውም በነፃ። የመጀመሪያው የባላገሩ አይዶል አሸናፊ ዳዊት ጽጌ አገር የሚያውቀው ድምፅ ነበር፤ እንዲህም ሆኖ «የኔ ዜማ» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ለሕዝብ የቀረበው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ካሸነፈ ከዓመታት በኋላ ማለት ነው። ሲወጣ ግን የቆየበትን ያህል ሥራ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አድማጭ «የታለ አልበሙ?» እያለ ሲጠይቀው፣ ሳይቸኩል መቆየቱን እኔ እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ።

ልጅቱ የምትወደውን የሮክ ዓይነት የሚጫወት አንድ አሜሪካዊ ደግሞ አለ፤ ክሪስ ዶትሪ ይባላል። በመኪና መሸጫ ድርጅት የአገልግሎት ክፍል ተቀጥሮ ሚስቱንና ልጆቹን የሚያስተዳድር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካን አይዶል ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ፤ ማለትም ተሰናበተ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኅዳር የራሱን ባንድ አቋቁሞ ያወጣው የመጀመሪያ የሮክ አልበም፣ በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ የአልበሞች የዓመት ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ። ይህን ለእኅቴ ስነግራት «እሱ ሥራም ሚስትም ነበረው» አለችኝ። አባባሏ ቢያሥቀኝም ልክ ናት። ተሰናብቶ የሚመለስበት ቤት ነበረው።

ሁሉም እንዲህ አይሆንለትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቴሌቪዥን ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ ዙሮች የደረሰች ወጣት ለሥራ ጉዳይ አነጋግሬ ነበር። ውድድሩ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው አልበም እሠራልሻለሁ ብሎ ሁለት ገጽ ወረቀት አስፈረማት። ቤቷ ወስዳ እንድታነብበው አልሰጣትም። በውሉ መሠረት ለአምስት ዓመት ለሌላ ሰው መቅዳት አትችልም፤ አልበሙ መቼ እንደሚሠራ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። እኔ ሳነጋግራት ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። በምሽት ክበብ የሰው ዘፈን እየዘፈነች እናቷን ትረዳለች። እናቷ እስክትመለስ ድረስ መብራት አብርተው ይጠብቋታል። «በመንገድ ላይ ሰው ያውቀኛል፤ ለታክሲ ግን የለኝም» ያለችኝ ከጆሮዬ አይጠፋም።

እናቶች ይህን ብታውቁት ይጠቅማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ ደራሲው፣ በሕጉ «ከዋኝ» ለሚባለው ለዘፋኙና ለፕሮዲዩሰሩ ለየራሳቸው መብት ይሰጣል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872ም አለ። ልጃችሁ የምትፈርመውን ወረቀት ኮፒ ይዛ ቤት ትምጣ። አንድ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብበው። አስቸኳይ ነው የሚል ሰው ካለ ይጠብቅ። የቤት ኪራይ ውል እንኳ ሁለት ጊዜ አንብበን አይደለም የምንፈርመው?

በማግስቱ ጧት እኅቴ «ትሂድ» አለች። ትሂድ ያለችው ግን ብዙ ነገር አስከትላ ነው። ትምህርቷን በማታ ልትቀጥልና ፈተናውን በግል ልትደግም፤ ማደሪያዋ እኔ ቤት ሊሆን፤ እኔ ወይም እናቷ ሳናነብበው አንዲት ፊርማ እንዳትፈርም። ልጅቱ ሁሉንም «እሺ፣ እሺ» ስትል፣ የሰማችው «ትሂድ» የሚለውን ብቻ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ?» አለቻት እኅቴ።

«ላዳምጣት ነዋ። ቅኝት የሚያውቅ ሰው ይኑራት።»

ከመርሳ አዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናቴ በመስኮት በኩል ካልሆነ አልቀመጥም አለች። አውቶቡሱ ደሴ ለምሳ ሲቆም፣ ምግቡን ትታ መንገድ ዳር ቆማ ከተማውን ስታይ ቆየች። ከዚያ በፊት ደሴን አይታ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ለሕክምናም ለለቅሶም መጥታለች። የዚያን ቀን ግን ሌላ ነገር ትፈልግ ነበር።

የማጣሪያው ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆች ጊታር፣ ክራር፣ አንዳንዱም የታጠፈ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። እናቴ ለተሰለፉት ልጆች ከግራና የያዘችውን ቆሎ ስታድል ዋለች። የእኛዋ ተራዋ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይታ ወጣች።

አላለፈችም። የራሷን ዘፈን ዘፈነች፤ የታወቀ ዘፈን ብትዘፍን ይሻል ነበር አሏት። ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ገና ነሽ፣ በሚቀጥለው ሞክሪ ተባለች። የዳኞቹን ፍርድ አልነቅፍም፤ ሥራቸው ነው። ልጅቱ ግን በታክሲ ውስጥ ፊቷን በነጠላዬ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። እኔ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ሳለ እናቴ ከኋላ ወንበር እንዲህ አለቻት፦

«እኔን ወልድያ ላይ አሳለፉኝ፤ ምን ጠቀመኝ? አንቺን ጣሉሽ፤ ግን ማንም ወስዶ አልዳረሽም። በይ ፊትሽን ጥረጊ።»

ሾፌሩ ሳይቀር ሣቀ።

ይህ ከሆነ እነሆ ወራት አልፈዋል። ልጅቱ እኔ ጋ ናት። ማታ ትማራለች። ቀን በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ትሠራለች፤ ከደመወዟ በቅዳሜ ቅዳሜ ጊታር ታስተምረኛለች ላለቻት አንዲት ልጅ ትከፍላለች። የጎደለችው ክር ተገዝታለች። ከማታ ትምህርት ቤት ሁለት ወንዶችና አንዲት ድራም የምትመታ ልጅ አግኝታ እሑድ እሑድ አንድ ጋራዥ ውስጥ ይለማመዳሉ። ባለ ጋራዡ እሑድ ስለማይሠራ ነው የፈቀደላቸው። ሦስት ዘፈን አላቸው። አልበም የሚባለው ነገር ገና ሩቅ ነው፤ እሷም ስለ አልበም ማውራት ትታለች። ስለ ሁለተኛው ዘፈን መግቢያ ነው የምታወራው፤ እሱም እራት ስናበላ፣ ልብስ ስናጥብ፣ ልተኛ ስል ነው። ጎረቤቶቼ ሁለት ጊዜ ከሰውኛል። አንደኛው ክስ ተገቢ ነበር።

እኅቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። ሰላምታው አልቆ፣ የሰው ጤንነት ተጠይቆ፣ የማሽላው ነገር ተወርቶ ሲያበቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች።

«ያ ሮኩ አልለቀቃትም?»

«አልለቀቃትም እትዬ።»

ዝም ትላለች። ከጀርባዋ የእናቴ ድምፅ «ስጭኝ እስኪ» ሲል ይሰማኛል።

«እሺ እንግዲህ፣ ስልኩን ስጫት» ትላለች እኅቴ። «ድምፁን ከፍ አድርጊው፤ እማዬ እንድትሰማ።»